መቶ አራት እና ሃያ አንድ

ጥቅምት 27 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ቢቸና

መጣች! ከተቀጠርሁበት ቀን ጀምሮ «መንገድ ላይ ናት» ስትባል የኖረችው የአልትራቫዮሌት መለኪያ ዛሬ ከባሕር ዳር በመጣው መኪና ደረሰች። ካርቶኑን የከፈትሁት በጥርሴ ነው። አለቃዬ አቶ አስናቀው፣ የነቀርሳ ምርመራ ፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣ «የኔሰው፣ ምላጭ አለ እኮ» ሲሉኝ ግማሹን ጨርሼ ነበር።

መዳፍ የምታህል ሣጥን ናት። ፊቷ ላይ ቁጥር የሚወጣባት መስኮት፣ ከጎኗ ሁለት ሜትር ገመድ፣ ከገመዱ ጫፍ ሳንቲም የምታህል ነጭ ዓይን። ነገሩ ሁሉ ያለው ዓይኗ ላይ ነው። ጨረር ሲያርፍባት ከውስጥ ያለችው ቅንጣት ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጠዋለች። ኤሌክትሪኩ ኢምንት ነው፤ ሣጥኗ አጉልታ በቁጥር ትናገረዋለች። ከቅንጣቷ ፊት ደግሞ ማጣሪያ አለ፤ ተራውን ብርሃን ይመልስና የምንፈልገውን ጨረር ብቻ ያስገባል። ይኸው ነው። ግን እንዴት ያምራል!

መሣሪያቸውን የምከታተልላቸው ሁለት ላቦራቶሪ አሉኝ፣ ቢቸናና ሞጣ። በሁለቱም የሳንባ ነቀርሳ አክታ የሚመረመርበት ክፍል ውስጥ ጀርም የሚገድል የአልትራቫዮሌት መብራት ተሰቅሏል። ሠራተኛው ሲወጣ ይበራል፣ አየሩንና ጠረጴዛውን ያጸዳል። ችግሩ መብራቱ ሲደክም ለሰው አይናገርም። ሰማያዊው ብርሃን እንደ ድሮው ያበራል፣ የሚገድለው ጨረር ግን ከሰው ዓይን ውጭ ነው፤ ቢያልቅም አናይም። የምታየው መለኪያዋ ናት። የሚያያት ደግሞ እኔ ነኝ። የኔሰው ፈረደ፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ!

የሙከራ ጊዜዬ ታኅሣሥ 30 ያልቃል። እስከዚያ አንድ ነገር ማሳየት አለብኝ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ፣ ቢቸና

የመጀመሪያው ልኬት። መብራቱን አብርቼ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ሳይሞቅ አይለካም። ዓይኗን ከመብራቱ አንድ ሜትር ላይ፣ ትክክል ፊት ለፊት አኖርኋት። ጠጋ ብትል ቁጥሩ ይወጣል፣ ዘወር ብትል ይወርዳል። ጨረሩ የሰው ዓይን ስለሚያቃጥል ገመዱን በበሩ ሥር አሾልኬ ከኮሪደሩ ሆኜ አነበብሁ።

መቶ አራት!

መቶ አራት ማይክሮዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር። ከሰባ ከወረደ መብራቱ ይቀየራል ነው ደንቡ። የቢቸናው ጎረምሳ ነው ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ዘለልሁ። ጽዳት የሚሠሩት እትዬ ይርጋነሽ «ምን አገኘህ ልጄ?» አሉኝ።

«መቶ አራት!»

«ከስንት?» አሉኝ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ጤፍ እየታጨደ ነው፣ መንገዱ ደግሞ እየተቆፈረ ነው፤ አገሩ አቧራ ብቻ ሆኗል። ረቡዕ ወደ ሞጣ እሄዳለሁ። እማዬን ስልክ ደውዬ ስለ መለኪያዋ ነገርኋት። «እንዲህ ያለ ዕቃ ባዶውን ይዘህ ልትዞር?» አለችኝ። እማዬ ካሰች የቤታችንን ሪሞት ከተገዛ ጀምሮ ከላስቲኩ አውጥታው አታውቅም፤ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቁጥሮቹ ዛሬም ትናንት የተገዙ ይመስላሉ። የወንበሩም እንዲሁ፣ የሰዓቱም እንዲሁ።

ስለዚህ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሁለት ክንድ የደብተር ላስቲክ ገዛሁ። ያ ተማሪ ሁሉ ደብተሩን የሚሸፍንበት ጥርት ያለው። በአንዱ ይህን ደብተር ሸፈንሁ። በሌላው መለኪያዋን ከሣጥኗ እስከ ዓይኗ አለበስኋት፣ ዓይኗ ጋ በክር አሰርሁ። ጥርት ስላለ መኖሩም አያስታውቅ። ሙሽራ መስላለች። አሁን የፈለገ አቧራ ይምጣ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ሞጣ

በጣም ትልቅ ነገር አገኘሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል እስከ ሞጣ ሚኒባሱ ውስጥ መለኪያዋን እንደ ሕፃን አቅፌ ሄድሁ። ስደርስ እኔ አመድ ለብሻለሁ፣ እሷ ታበራለች። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ሰብለ ወንጌል ትባላለች። በር ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነበር፣ ሐውልት ነው እንዴ የላኩት?» አለች። ከዚያ መለኪያዋን አየች። «ይቺስ? እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ጠቀለልሃትሳ!»

ጋሽ ፋንታም ነበሩ። የሞጣው ቴክኒሽያን ናቸው፤ ከማይክሮስኮፕ እስከ ጀነሬተር የሚጠግኑ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ በማተባቸው አስረው የሚዞሩ ሰው። መብራቱን ሐምሌ ላይ በእጃቸው እንደሰቀሉት፣ ከካርቶኑ ያወጡትም እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። አራት ወሩ ነው።

ለካሁ። ሃያ አንድ።

ድጋሚ ለካሁ። ሃያ አንድ። አምስት ደቂቃ ጨምሬ ለካሁ። ሃያ!

አራት ወር የሠራ መብራት ሃያ አንድ አይልም። የሦስት ዓመት መብራት ነው እንዲህ የሚለው። ይህን ስናገር ጋሽ ፋንታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «መለኪያህን ማን ለካት?» አሉ።

«ሰርተፊኬት አላት፣ ጋሼ። ከፋብሪካዋ የተሰጣት።»

«እኔም የክርስትና ካርድ አለኝ» አሉ፤ «ኃጢአት ግን ሠርቻለሁ።»

ሰብለ ወንጌል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ሳስበው፣ ሰው ስለ ሰቀለው መብራት ሲነገረው ለምን ይቀልዳል?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ሞጣ

ዛሬ ሰብለ ወንጌል መለኪያዋ እንዴት እንደምትሠራ አስረዳኝ አለችኝ። ሙያዊ ጥያቄ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አስረዳኋት።

በተግባርም አሳየኋት። መከላከያ መነጽርና ጓንት አድርጌ ገባሁ፣ የመስኮት መስታወት ቁራጭ በመለኪያዋ ዓይን ፊት ያዝሁ። እሷ ከውጭ ቁጥሩን ታነባለች። «ሃያ አንድ… ዜሮ! ኧረ በጊዮርጊስ! ዜሮ አለ!» ብላ ጮኸች።

ወጥቼ «አየሽ? በበሩ መስታወት አሻግረሽ መብራቱን ብታዪ የማይጎዳሽ ለዚህ ነው» አልኋት። «መስታወት ለኛ ዓይን የጠራ ነው፣ ለዚህ ጨረር ግን የድንጋይ ግንብ ነው።»

«እኔ የጠራ ነገር ሁሉ ያሳልፋል ብዬ ነበር።»

«ስሕተት!» አልሁ ጣቴን አንሥቼ፤ «ይህ የጀማሪ ስሕተት ነው። ጥራት ለሰው ዓይን ነው፣ ጨረሩ የራሱ ሕግ አለው።»

ጥሩ አስተማሪ ይወጣኝ ነበር ይመስለኛል። የሸሚዜ ቁልፍ መዛነፉን ያወቅሁት ማታ ነው።

ሪፖርቱን ጻፍሁ። «የሞጣው መብራት ከሚጠበቅበት አንድ አምስተኛ ብቻ ይሰጣል። በአራት ወር እዚህ ደረጃ የሚደርስ አዲስ መብራት የለም።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመርሁም። እውነቱን ብቻ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ቢቸና

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ እያቃጠለ፣ በሽታ እያባረረ ነው። ዓይኔ እስኪያለቅስ ሳቅሁ፤ እኔም እኮ ሥራዬ ይኸው ነው! ያለ ጭስ በሽታ ማባረር።

አቶ አስናቀው ሪፖርቴን ሦስት ጊዜ አነበቡት። «ይኼ ፋይንዲንግ ነው! ትልቅ ግኝት!» አሉ። «ለዞን፣ ለክልል አሳውቃለሁ። ታዲያ ያ የሞጣ ቴክኒሽያን አዲሱን መብራት የት አደረገው?»

«እኔ እሱን አልጻፍሁም» አልሁ።

«አንተ ቁጥሩን ጻፍህ። ቀሪውን ማንም ያነበዋል።»

ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። አቶ አስናቀው እየጠሩኝ ነው። የሞጣው የአክታ ክፍል ታሸገ። አዲስ መብራት እስኪመጣ ታማሚዎች ወደ ቢቸና ይላካሉ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ስሜ ደብዳቤው ላይ አለ፣ «በባለሙያ በተደረገ ልኬት መሠረት»! ባለሙያ!!

ለእማዬ ደወልሁ። እልል አለች።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ፣ ሞጣ

ወደ ሞጣ የሄድሁት ማይክሮስኮፖቹን ለማየት ነው። ማይክሮስኮፖቹ ደህና ናቸው። ባለፈው ጊዜም ደህና ነበሩ።

ሰብለ ወንጌል ሰላምታዬን በጫፍ ተቀበለችኝ። «ባለሙያው መጡ» አለች፣ በአንቱታ። የዕድሜ ጓደኛዬ ናት እኮ!

ምን አጠፋሁ ብላት፣ «የጋሽ ፋንታን ቁልፍ ተቀበሏቸው» አለችኝ። «በሠራተኛ ፊት። ከማተባቸው እስኪፈቱት ድረስ ቆመው ጠበቋቸው። ከተማው እንዴት እንደሚያወራ ታውቃለህ? ‹መብራት ሸጠ› ነው የሚባሉት። ወፍጮ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ የኔዋ እናት ሳትቀር።»

«እኔ እኮ መብራት ሸጡ አላልሁም።»

«አንተ ያልከው ሃያ አንድ ነው። ሃያ አንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ በሞጣ አንተ ብቻ ነህ። ሌላው የገባው ሌባ የሚለው ነው።»

ቁጥር ቁጥር ነው ልል ነበር። ለምን እንዳላልሁት አላውቅም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ወደ ቢቸና ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ፣ ከሞጣ ማዶ ካለ ቀበሌ የመጡ። ያስላሉ። በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው፣ ሰው እንዳይነኩ ወደ መስኮቱ ዞረው ያስላሉ። ለምርመራ ነው የሚሄዱት።

«ሞጣ አይመረመርም እንዴ?» አላቸው ረዳቱ።

«መብራቷ ሞታለች አሉ። አንድ የተማረ መጥቶ ነው ያወቀባት፣ እግዜር ይስጠው» አሉ።

መስኮቱን እኔ ዘጋሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ከፈትሁ። አቧራ ገባባቸው፣ መልሼ ዘጋሁ። እስከ ቢቸና ስከፍትና ስዘጋ ነበር።

የጋሽ ፋንታን ነገር ሳልጽፍ። ከሞጣ ስወጣ በር ላይ አገኘኋቸው። እጃቸው ማተባቸው ጋ ሄዶ ቁልፉን ሲያጣ ወረደ። «ደህና ግባ፣ ልጄ። መንገዱ አቧራ ነው፣ ዕቃህን ሸፍናት» አሉኝ። ብቻ።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ፣ ቢቸና

የቢቸናውን መብራት ወርኃዊ ልኬት። ሃያ።

አይሆንም።

ሃያ። ሃያ አንድ። ሃያ።

በአንድ ወር ከመቶ አራት ወደ ሃያ! እዚህ ደግሞ ማን ሸጠው? ለራሴ ሳቅሁ። ሳቁ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። እስቲ በሥርዓት። ርቀቱ ያው አንድ ሜትር። መብራቱ ያው። አምስቱ ደቂቃ ያው። ባትሪው አዲስ። ሰርተፊኬቱ ያው። ከጥቅምት 29 ወዲህ ምን ተለወጠ? ምንም። መብራቱን ማንም አልነካም። መለኪያዋንም ከእኔ በቀር ማንም አልነካትም፣ አንድ ጭረት እንኳ የለባትም፣ ይኸው አሁን አጠገቤ ናት፣ ከዚህ ደብተር ጎን፣ ሁለቱም እኩል ያብለጨል

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሚጻፍ ነገር የለም።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ዛሬም የለም። ላስቲኩን አወለቅሁት፣ ለጽዳት ያህል። እግረ መንገዴን ደግሞ ለካሁ።

መቶ ሁለት።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

እሺ። እሺ፣ እጽፈዋለሁ።

ያ የደብተር ላስቲክ ለሰው ዓይን የለም ማለት ይቻላል። ለዚያ ጨረር ግን ብርድ ልብስ ነው። ከመቶ ሰማንያውን ያስቀረዋል። ቢቸና ስለካ መለኪያዋ ዕራቁቷን ነበረች፣ መቶ አራት አለች። ሞጣ ስለካ በላስቲክ ተሸፍና ነበር፣ ሃያ አንድ አለች። የሞጣው መብራት ምንም አልሆነም። መቼም ምንም አልሆነም። ጋሽ ፋንታ በሐምሌ የሰቀሉት ያው አዲሱ መብራት ነው።

መስታወት ይዤ «የጀማሪ ስሕተት» ስል መለኪያዬ ላስቲክ ለብሳ ነበር! ጣቴን አንሥቼ! ወየው!

እሱን ሳስብ በትራስ ሥር ገባሁ። ከትራሱ ሥር ሆኜ ደግሞ ሳቄ መጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ፤ ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል ሲያስሉ ትዝ ሲሉኝ አቆምሁ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

አዲሱ መብራት ደረሰ። ሰኞ ሞጣ ላይ ኮሚቴው ባለበት እሰቅለውና እለካዋለሁ።

እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ላስቲኩ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ሰኞ አዲሱን ስለካው መቶ ምናምን ይላል። ሁሉም ያጨበጭባል። አሮጌው ሃያ አንድ ነበር፣ አዲሱ መቶ ሆነ፤ ባለሙያው ልክ ነበር። አሮጌው ተሰባብሮ ይቀበራል። የሙከራ ጊዜዬ ያልፋል። ማንም አያውቅም፣ ማንም! አንዲት ቃል መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም። ዝም ማለት ብቻ።

ጋሽ ፋንታስ? ጡረታቸው ሁለት ዓመት ነው የቀረው።

ቁልፉ እኮ እንዲያውም ከባድ ነበር፣ አንገታቸውን ሳያደክመው አልቀረም።

(ይህን መስመር አልሰርዘውም። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሁ ለማየት ይቀመጥ።)

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ፣ ሞጣ

አቶ አስናቀው፣ ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች፣ ሰብለ ወንጌል፣ ጋሽ ፋንታ። ሁላችንም በበሩ መስታወት ዙሪያ ተደራርበናል። አሮጌውን መብራት ጋሽ ፋንታ ራሳቸው አወረዱት፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ግድግዳው ሥር አቆሙት፤ የተኛ ሕፃን እንደሚያኖሩ ነበር አኳኋናቸው። አዲሱን ሰቀልሁ። አምስት ደቂቃ።

አንድ መቶ ሦስት።

አቶ አስናቀው ትከሻዬን መቱኝ። «ይኸው! ዳታ አይዋሽም!» አሉ። አጨበጨቡ። የኮሚቴው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አወጣ። ሰብለ ወንጌል አላጨበጨበችም። ጋሽ ፋንታ ቁጥሩን ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለውን መብራታቸውን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን። የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ምናልባት እኔው ተሳስቼ ይሆን እንደሚል ሰው።

እሱን አልቻልሁትም።

«አሮጌውን መልሰን እንስቀለው» አልሁ።

«ለምን?» አሉ አቶ አስናቀው።

«አንድ ጊዜ።»

ሰቀልሁት። አምስት ደቂቃ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ አምስት ደቂቃ የለም። መለኪያዋ ዘጠና ስምንት አለች።

ጸሐፊው «ተሳስቶ ነው፣ ድገመው» አለ። አልደገምሁም። ላስቲኩን ከኪሴ አወጣሁ፣ መነጽሬንና ጓንቴን አድርጌ ገባሁ፣ በመለኪያዋ ዓይን ፊት ያዝሁት። ከውጭ የሰብለ ወንጌል ድምፅ ሲያነብ ሰማሁ፣ «ዘጠና ስምንት… ሃያ። ሃያ ነው። ሃያ!»

ወጥቼ ተናገርሁ። ከአቧራ ላድናት ብዬ፣ የእናቴን ሪሞት፣ የደብተር ላስቲኩን፣ ሁሉን። «መብራቱ ጤነኛ ነበር። ጋሽ ፋንታ ምንም አላጠፉም። የታወርሁት እኔ ነኝ።»

አቶ አስናቀው ግንባራቸውን ያዙ። «ሪፖርቱ ክልል ደርሷል እኮ! ክልል!» አሉ። ከኮሚቴው አንዱ ግን ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ግቢው ወጣ። ቁልፉን እዚያው መለሱላቸው። በማተባቸው ያሰረችላቸው ሰብለ ወንጌል ናት።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። አልሳቁም።

«ይቅርታህን እዚህ ኮሪደር ላይ ጥለህልኝ ልትሄድ ነው?» አሉ። «ስሜ የጠፋው እዚህ አይደለም፣ ልጄ። በከተማው ነው።»

«ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«ድሮ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር ይቅርታ የሚለምን። አንተን ድንጋይ አላሸክምህም፣ ወገብህ ቀጭን ነው። መለኪያህን በአንገትህ አንጠልጥልና ለገና ገበያ ና። ሌባ ያሉኝን ቤቶች አውቃቸዋለሁ። ሰባት ናቸው። በየቤቱ ገብተህ ይቺ ነገር እንዴት እንደምትሠራ፣ አንተ እንዴት እንደተሳሳትህ ታስረዳለህ። እስኪገባቸው ድረስ አንወጣም።»

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ፣ ቢቸና

የአክታ ክፍሉ ተከፈተ። በሚኒባሱ የመጡት ሽማግሌ ቢቸና ላይ ተመርምረው መድኃኒት መጀመራቸውን መዝገብ ላይ አየሁ። የቀረው ቀጠሯቸው ወደ ሞጣ እንዲዞርላቸው አስተካከልሁ። ለአንድ ሳል ያን ሁሉ አቧራ አስዋጥኋቸው። መርቀውኝ እኮ ነበር።

ደብዳቤ ደረሰኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር ተራዝሟል፣ «በአቶ ፋንታ ክትትል ሥር፣ ሞጣ»። አቶ አስናቀው ሲሰጡኝ «ይኼ ቅጣት ነው፣ ፊትህን አስተካክል» አሉኝ። ፊቴ ምን ሆኖ ነበር?

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ፣ ሞጣ

እግሬ፣ ሆዴ፣ ጉሮሮዬ። ሦስቱም አለቁ። ግን ካልጻፍሁት አልተኛም።

ጠዋት መለኪያዋን በአንገቴ አንጠልጥዬ ከጋሽ ፋንታ ጋር ክንድ ለክንድ ወጣን። ለገና ገበያ አገሩ ሁሉ መጥቷል። ወፍጮ ቤቱ የመጀመሪያው ነበር። ወፍጮው እየጮኸ፣ እኔም እየጮኽሁ፣ «ጨረሩ በዓይኗ ሲገባ ወደ ኤሌክትሪክ!» ባለ ወፍጮው ዱቄት በዱቄት ሆኖ «ምን?» ይለኛል። ጋሽ ፋንታ «አልገባውም፣ ድገምለት» ይላሉ፣ በጣም ረጋ ብለው። አራት ጊዜ ደገምሁ። በመጨረሻ ሰውየው ወፍጮውን አቆመና «በአጭሩ መነጽሯን ጨፍነህባት ዕውር አልሃት» አለኝ። በአጭሩ አዎ።

ልብስ ሰፊው ላስቲኩን ተቀብሎ በጣቱ መዘነውና «እኔ ለዚህ አምስት ዓመት አልማርም ነበር» አለ። ጠላ ቤት ውስጥ ጋሽ ፋንታ መሐል ቆመው «ሌባው መጣሁ፣ ምስክሬንም ይዤ» ሲሉ ባለቤቲቱ ጣሳውን ጣለች። እዚያ ተናግሬ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው የጋሽ ፋንታን ጉልበት ሳሙ። ጋሽ ፋንታ ያኔ ብቻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በየቤቱ ደግሞ ሳይቀመሱ መውጣት የለም፤ ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ተልባ፣ ደግሞ ሽሮ። በስድስተኛው ቤት ማስረዳቱ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ወጥቶ ነበር።

ሰባተኛው ቤት በሩ አረንጓዴ ነው። ጋሽ ፋንታ ከመግባታችን በፊት የሸሚዜን ቁልፍ አዩና «አስተካክል» አሉኝ። ለሌሎቹ ቤቶች እንዲህ አላሉም ነበር።

የሰብለ ወንጌል እናት ቤት ነው። እትዬ ወለተ ሐና። ሰብለ ወንጌል ጓዳው በር ላይ ቆማለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ሳቅ እንጂ ልቅሶ እንዳልሆነ ትከሻዋ ያስታውቃል።

ጀመርሁ። ዓይኗን፣ ማጣሪያውን፣ አንድ ሜትሩን፣ ላስቲኩን። እትዬ ወለተ ሐና አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ ብድግ ብለው «ፋንታ፣ አፌን ቁረጠው፣ አምቼሃለሁ» አሉ፣ ተሳሳሙ። እኔ የምወጣ መስሎኝ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉኝ። «ይቺን ነገር ፀሐይ ላይ ብትደቅናት ስንት ትላለች?»

«ዜሮ፣ እትዬ።»

«ፀሐይ ዜሮ! ምን አባቷ!»

አስረዳሁ። ፀሐይም ይህ ጀርም የሚገድል ጨረር አላት፣ ግን እላይ ያለው አየር ያስቀረዋል። ወደ ምድር ቢደርስ ኖሮ እኛም እህሉም በተቃጠልን ነበር።

አሰቡበት። «እንግዲያ እግዜርም ለምድር ላስቲክ አልብሷታላ!» አሉ።

አምስት ዓመት ስማር ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። ጋሽ ፋንታ ከዚያ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ፣ ቁልፉ ማተባቸው ላይ ተንቀጨቀጨ።

እትዬ ወለተ ሐና ግን አልሳቁም። ከመለኪያዋ ዓይን ጀምረው፣ ገመዱን ተከትለው፣ አንገቴን፣ የሸሚዜን ቁልፍ፣ ፊቴን እያዩ ወጡ። ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞሩና ልጃቸውን፦

«ይኼ ነው እንዴ?» አሏት።

ሰብለ ወንጌል ወደ ጓዳ ሮጠች።

እኔ መለኪያዋን አየሁ፤ ማየት የምችለው ሌላ ነገር ጠፍቶኝ። በርታ ነበር፣ መቼ እንዳበራኋት አላውቅም። ዜሮ ትላለች። እዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር እሷ አትለካውም፣ ማጣሪያዋ አያስገባውም።

«ተቀመጥ» አሉኝ እትዬ ወለተ ሐና። «ሽሮ አለ።»

የሰባተኛውን ቤት ሽሮ በላሁ። ጨርሼ በላሁ።

የዚህን ደብተር ላስቲክ አሁን ላጥሁት። ገጹ ዳር ላይ የሞጣ አቧራ ገብቷል። ይግባ።